ምዕራፍ ዐሥራ ዘጠኝ

ገጹን በዐሥር ብር ነው የምተይብ፣
ሂርማታ፣ ከፎቶ ኮፒው አጠገብ፤
የቤት ኪራይ ውል፣ የጠፋ መታወቂያ፣
የሰርግ መጥሪያ፣ የሙት መታሰቢያ፣
ሁሉም ያው ነው ለጣቴ፤
የታጁ ደብተር ሲመጣ ግን ይሞቃል ቤቴ።

ታጁ ባጃጅ ነጂ ነው።
ቀን ከአጂፕ ቦሳ ሲመላለስ የሚውለው
ማታ ማታ በሰማያዊ እስክሪብቶ
ሰይፈኛ ያዘምታል፣ ደመና አስረግጦ።
ጅሬን ኮረብታው፣ የሰይፍ መምህራን ደብር፤
አዌቱ ወንዛችን፣ ይቺው ፌስታል የሚንሳፈፍባት፣
የዘንዶዎች በር።

ኦብሴ የምትባል ሰይፈኛ አለችው።
የትዕግሥት ስም ነው።
(ስታወጣላት ምን አስበህ ነው
ብዬ ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ።)
ምዕራፍ ዐሥራ ስምንት ላይ በአንዲት ሽመል
አርባ ሰው ታጋድማለች እንደ በቆሎ አገዳ፤
እኔም እያንዳንዱን ምት በትከሻዬ ስመክት
ስንት ፊደል ገደፍኩ!

ከዚያ ዐሥራ ዘጠኝ።
መርዝ፤ በማር ተበጥብጦ።
ላቧ ይፈላል፣ ጉልበቷ ይከዳታል፣
አዋቂው ሽማግሌ ጢሙን እየዳሰሰ
«ሳይነጋ ወንድ ካልደረሰላት ትሞታለች» ይላል።
ጀግናው ያዝናል። ለራሱ።
«ይቅር በይኝ» ይላታል፤ መልስ እንዳትሰጥ
ምላሷ ታስሯል፣ በደራሲው ትእዛዝ።
ሻማው ይጠፋል።
ሦስት ነጥብ።
ጠዋት ጉንጯ ቀልቶ ልብሱን ታጥባለች፤
ከገጽ ሁለት መቶ ሦስት ጀምራ ትወደዋለች።

ጣቴ ቆመ።
ያቺን አርባ ሰው የጣለች ክንድ
በየትኛው አንቀጽ እንደጣልናት ፈለግሁ፤
ወደ ኋላ ገለጥኩ፣ ወደ ፊት ገለጥኩ፣
የለችም።

«ትሙት እንዴ ታዲያ?» አለ ታጁ፣ «ፈውስ እኮ ነው!»
«መርዙን ማነው ያመጣው?»
«ጠላቷ ነዋ!»
«የለም ታጁ፤ የመጣው ከእስክሪብቶህ ነው።
በሩን ዘግተህ፣ ቁልፉን ውጠህ፣
ሌላ መውጫ የላትም ትለኛለህ መልሰህ።»
ሳቀ። «ልብ ወለድ ነው፣ አታካብጂ» አለ፤
ደብተሩን ከዝናብ በጃኬቱ ከለለ፤
ማዶ ካለው ጸሐፊ ዘንድ ተሻገረ፣
ገጹን በሰባት ብር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከስታዲየሙ ጀርባ
ጁጂትሱ እንሠራለን፣ ላብ በጠጣ ፍራሽ ላይ።
አሠልጣኝ ወርዶፋ መጣልን ሳያሳየን፣
መውደቅን ሳያሳየን፣
መጀመሪያ ያስተማረን መዳፍን ነው፤
ሁለቴ ቸብ ቸብ።
ፍራሹ ላይ ይሁን፣ ጭንህ ላይ ይሁን፣
ያኔ ክንድህ ይከፈታል።
እያሸነፍክም ቢሆን፣ ለዋንጫም ቢሆን፣
ግማሽ ሰከንድ ብትቀርህም።
«ዝም ካለስ?» አለ አንዱ።
ወርዶፋ ፊሽካውን ከአፉ አወጣ፤
«ዝም ያለን ሰው
ሁለቴ እንደመታ ቁጠረው።»

መጽሐፉ ወጣ። ሽፋኑ ላይ መብረቅ።
ከባጃጅ ባጃጅ፣ ከዴስክ ዴስክ ዞረ፣
ጥራዙ እስኪላላ።

ክረምቱ ሲገባ፣ አዲሷ ልጅ፣ ሚስኪያ፣
አንገቷ በክንዴ ውስጥ ነበር።
ጆሮዋ ቀላ፤ ደም ሥሯ ተገተረ፤
መዳፏ ፍራሹ ላይ እንደተዘረጋ ቀረ።
ለቀቅኳት። «ለምን አልመታሽም?»
ሳለች፤ ጉሮሮዋን ያዘች፤
«ታግሼ ነው» አለች፣
ኮራ ብላ።
ከግድግዳው ሥር ቦርሳዋ ዚፑን ከፍቶ
መብረቋ ብቅ ብላለች።

መዳፏን አንስቼ ላሳያት እጄን ዘረጋሁ፤
መንገድ ላይ አቆምኩት።
«እጅሽን ልያዝ?» አልኳት።
ግራ ገባት። አየችኝ።
እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው ያለ አልመሰለኝም።
ዝም አለች፤
እኔም እጄን ወደ ጭኔ መልሼ፣
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሁለቴም መቶ ጊዜም ሲመታ
ጠበቅኩ።